«ቋሚ ተለዋጭ ስም» ስለ ተባለው አተረጓጐም፤ ሂሳዊ አስተያየት

ሙያዊ ቃላትን ወደ አማርኛ በመመለስ ሥራ ላይ የተሠማራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የአንድ ስያሜ ጉድለት ወዲያውኑ አይታይም። ቃሉ በጉባኤ ቀርቦ ሲደመጥ ለጆሮ የሚስማማ፣ በመዝገበ ቃላት ሲፈተሽም ከባዕዱ ቃል ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ይገኛል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ቃሉን ያመነ አንባቢ በቃሉ መሠረት ሥራ ሲሠራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አተረጓጐምም እንዲህ ያለ ነው። ጉዳዩ በሊኑክስ የኮምፒዩተር ሥርዐት ውስጥ በእንግሊዝኛ «ኤይልያስ» የሚባለውን ነገርና እርሱን «ቋሚ» ማድረግ የሚባለውን አሠራር ይመለከታል። «ቋሚ ተለዋጭ ስም» የሚለውን አማርኛ ከሌሎች ጋር ሆነን ያጸደቅነው እኛው ስለ ሆንን፣ ሂሱ በቅድሚያ የሚያርፈው በእኛው ላይ መሆኑን ከወዲሁ እንገልጻለን።

1. የጉዳዩ አመጣጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ለአዲስ ሠራተኞቹ ያዘጋጀውን የሥልጠና ማስታወሻ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ አስተርጕሞ፣ የቃላቱን አመራረጥ እንድንመለከትለት ላከልን። ማስታወሻው በሊኑክስ ላይ ትእዛዝን በጽሑፍ ስለ መስጠት የሚያስረዳ ነበር። ከምክሮቹም አንዱ «አር-ኤም» የተባለውን ፋይል የሚያጠፋ ትእዛዝ ይመለከታል። ይህ ትእዛዝ የታዘዘውን ያለ ጥያቄ ስለሚያጠፋ፣ ከማጥፋቱ በፊት ባለቤቱን እንዲጠይቅ ማድረግ ይመከራል። ማስታወሻው ያለው በአጭሩ የሚከተለውን ነው፤ ለትእዛዙ የሚጠይቅ ተለዋጭ ስም ስጠው፤ ይህንንም «ባሽ-አር-ሲ» በተባለው ፋይል ላይ ጻፈው፤ ከዚያ በኋላ ቋሚ ይሆናል። እኛም ከዐሥር ደቂቃ ያልበለጠ ውይይት አድርገን፣ «ዘላቂ» ይሻላል ያሉትንም በድምፅ ብልጫ ረትተን፣ «ቋሚ» የሚለውን አጸደቅን።

ማስታወሻው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ወደ እኛው የመዝገበ ቃላት ክፍል ደረሰ። የጥቅስ ካርዶችን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ አንድ ወጣት ባልደረባችን ምክሩን እንደ ተጻፈው ፈጸመ፤ ለብዙ ወራትም «አር-ኤም» ባለ ቍጥር ኮምፒዩተሩ «ላጥፋው ወይ?» እያለ ሲጠይቀው ቆየ። አንድ ቀን ግን ከሌላ ክፍል ሆኖ በመረብ በኩል ወደዚያው ኮምፒዩተር ገባና፣ ትርፍ ቅጂዎችን ለማጽዳት ሲል በአንድ ማኅደር ውስጥ ያለውን ሁሉ በጅምላ የሚጠራ የማጥፊያ ትእዛዝ ሰጠ። ሐሳቡ ጥያቄው በየፋይሉ ሲመጣለት የሚፈልገውን «አይጥፋ» እያለ ለማስቀረት ነበር። ጥያቄው አልመጣም። በ«ቀ» ፊደል ሥር የገቡት የስድስት ሳምንት ጥቅሶች ከትርፎቹ ቅጂዎች ጋር አብረው ጠፉ። ካርዶቹ ስለ ነበሩ የአብዛኛው ሥራ እንደ ገና ተደገመ፤ ካርድ ሳይሠራላቸው በቀጥታ ከጋዜጣ የተለቀሙት ግን ሁሉም አልተገኙም።

ባልደረባችን ምን እንዳሰበ ሲጠየቅ የመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቋሚ ነው ተብሎ ተጽፎ ነበር» አለ። መልሱ ትክክል ነው። አማርኛ የሚያውቅ ሰው «ቋሚ» የሚለውን ቃል ሲያነብ ሊረዳው የሚገባውን ነበር የተረዳው። ስለዚህ ጥፋቱ የሚፈለገው ከአንባቢው ሳይሆን ከስያሜው ነው።

2. ነገሩ በአሠራሩ ምንድን ነው?

ተጠቃሚው የሚጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ እየተረጐመ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም በእንግሊዝኛ «ሼል» ይባላል። ስያሜውን ያወጣው ሉዊ ፑዛን የተባለው ፈረንሳዊ የኮምፒዩተር ሊቅ ነው። የሥርዐቱ ውስጠኛ ክፍል ደግሞ «ከርነል» ይባላል። የተላከልን ማስታወሻ ሼልን «ዛጎል» ብሎት ነበር። ዛጎል ግን ለጌጥ የሚሆን የባሕር ነገር እንጂ ውስጡን የሚሸፍን አካል መሆኑ በአማርኛ ተናጋሪ ኅሊና ቀድሞ አይመጣም። እንቁላልን ብንመለከት ውጭው ቅርፊት፣ ውስጡ አስኳል ነው፤ ሁለቱ ቃላት ጥንድ ሆነው የኖሩ በመሆናቸው አንዱ ሌላውን ያስታውሳል። በዚህ ጽሑፍ ሼልን «ቅርፊት» እንለዋለን።

በብዙ የሊኑክስ ሥርዐቶች የሚሠራበት ቅርፊት «ባሽ» የተባለው ነው፤ ብራያን ፎክስ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። ኤይልያስ ግን ከባሽ ይቀድማል። ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ በሠራው «ሲ ሼል» ውስጥ ይገኝ ነበር፤ በ1979 የወጣው የስቲቨን ቦርን ቅርፊት አልነበረውም፤ ዴቪድ ኮርን በቤል ላቦራቶሪ የሠራው ቅርፊት ሲቀበለው፣ ባሽም ወረሰው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጠቃሚው አንድን አጭር ቃል ከአንድ ረዘም ካለ ጽሑፍ ጋር ያያይዛል፤ ለምሳሌ «ኤል-ኤል» የሚለውን፣ ፋይሎችን ከነመጠናቸውና ከነቀናቸው ከሚዘረዝረው ትእዛዝ ጋር ያገናኘዋል። ከዚያ በኋላ ቅርፊቱ አንድ መስመር ባነበበ ጊዜ የመጀመሪያውን ቃል ይመለከታል፤ ቃሉ ከተያያዙት አንዱ ከሆነ ያነሣውና በስፍራው ረጅሙን ጽሑፍ ያስገባል። ከዚህ አሠራር ለተርጓሚ የሚጠቅሙ አራት ነጥቦች ይከተላሉ።

ሀ. መተካቱ የሚፈጸመው ቃሉ በትእዛዝ መጀመሪያ ሲገኝ ነው፤ ያው ቃል በመስመሩ መካከል ቢገኝ በመደበኛው አሠራር አይነካም።

ለ. መተካቱ የሚፈጸመው መስመሩ ሲነበብ እንጂ ትእዛዙ ሲፈጸም አይደለም። ከዚህም የተነሣ አንድ ቃል በተያያዘበት በዚያው መስመር ላይ ቢጠራ ገና አይታወቅም።

ሐ. የተያያዙት ቃላት ዝርዝር የሚኖረው በዚያ በተከፈተው ቅርፊት ጊዜያዊ ትውስታ ውስጥ ነው። ቅርፊቱ ሲዘጋ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ቅርፊቱ የሚያስነሣቸው ሌሎች ፕሮግራሞችም አይወርሱትም።

መ. ትእዛዞች አስቀድመው በፋይል ተጽፈው በአንድነት በሚፈጸሙበት ጊዜ፣ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ በቀር መተካቱ ጨርሶ አይሠራም።

የባሽ መመሪያ ራሱ ስለዚህ ጉዳይ ሲያትት ደንቦቹ በመጠኑ የሚያደናግሩ መሆናቸውን ሳይደብቅ ይናገራል፤ ለአብዛኛውም ጥቅም «ፈንክሽን» የተባለው ሌላው ዘዴ እንደሚመረጥ ይመክራል። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን መመሪያው ነገሩን የሚበይነው በስም አለመሆኑ ነው፤ በቃል ፈንታ ጽሑፍን መተካት ብሎ ነው። «ቋሚ» የሚል ቅጽልም ስለ ኤይልያስ በሚናገረው ክፍል ውስጥ የለም።

3. «ተለዋጭ ስም» ስለሚለው

«ኤይልያስ» በሥርወ ቃሉ ላቲን ሲሆን፣ «በሌላ ጊዜ» ወይም «በሌላ ስፍራ» ማለት ነበር። በፍርድ ቤት መዝገብ «በሌላ አጠራሩ እገሌ የተባለው» ለማለት ሲገባ ከቈየ በኋላ በእንግሊዝኛ «ሌላ ስም» የሚለውን ፍቺ ያዘ። ቃሉን እንዳለ በውሰት መቀበል አንድ አማራጭ ነው፤ ነገር ግን በፊደላችን ሲጻፍ ብዙ ሰው «ኤልያስ» ብሎ ስለሚያነበው ከነቢዩ ስም ጋር ይምታታል። ስለዚህ ወደ አማርኛው እንመለስ።

ቋንቋችን ስለ ስም ብዛት ድኻ አይደለም። ቅጽል ስም አለ፤ የክርስትና ስም አለ፤ የብዕር ስም አለ፤ ስመ መንግሥት አለ፤ የፈረስ ስም አለ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ባለቤቱ አንድ ነው፣ ስሙ ሁለት ነው። ቴዎድሮስ ቢባል፣ አባ ታጠቅ ቢባል የሚታሰበው አንድ ሰው ነው። «ተለዋጭ ስም» የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው፤ በየትኛውም ስም ብትጠራ የሚመጣው ያው ነው የሚል ተስፋ ይሰጣል።

የኤይልያስ ነገር ግን ይህን ተስፋ አይጠብቅም። «ኤል-ኤል» የሚለው የአንድ ፕሮግራም ሁለተኛ ስም አይደለም፤ በዚያ ስም የሚጠራ ፕሮግራም አያስፈልግም። ቃሉ ተነሥቶ ሌላ ጽሑፍ ይገባል እንጂ ለማንም ስም አልወጣለትም። ከዚህም የባሰው የባልደረባችን ጉዳይ ነው። በዚያ «አር-ኤም» የሚለው ቃል የተያያዘው እየጠየቀ ከሚያጠፋው «አር-ኤም» ጋር ነበር። እዚህ ላይ ስሙ አንድ፣ አድራጎቱ ሁለት ሆነ። አማርኛ ለዚህ የሚሰጠው ቃል «ተለዋጭ ስም» ሳይሆን የእርሱ ተቃራኒ የሆነው «ሞክሼ» ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰዎች ባሉበት ቤት አንዱ ሲጠራ ሌላው ሊመጣ እንደሚችል ማንም ያውቃል፤ «ሞክሼ» የሚለውን ቃል ያነበበ ሰው ይጠነቀቅ ነበር። «ሞክሼ» ለጠቅላላው ነገር ስያሜ ይሁን አንልም፤ ስምን ሳይለውጡ አድራጎትን መለወጥን ግን ከዚህ ቃል የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘንለትም።

ለጠቅላላው ነገር የምናቀርበው ጥንድ ቃላትን ነው። ተጠቃሚው የሚጽፈውን አጭር ቃል «መጥሪያ ቃል»፣ በስፍራው የሚገባውን ጽሑፍ «ምትክ» እንበላቸው። በእንግሊዝኛው አንዱ ቃል አንዳንድ ጊዜ ለሁለቱም ስለሚያገለግል፣ የትኛው የትኛውን እንደሚተካ አንባቢ ይደናገራል፤ በአማርኛ ለሁለቱ ሁለት ቃል መስጠት ከመነሻው ቋንቋ ይልቅ ግልጽ ለመሆን ያስችላል። «መጥሪያ» ስለ መጥራት እንጂ ስለ መሆን አይናገርም፤ ተጠሪው ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ሊሆን እንደሚችል በቃሉ ውስጥ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል።

4. «ቋሚ» ስለሚለው

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። «ቋሚ» ከ«ቆመ» የወጣ ነው። ቋሚ ንብረት፣ ቋሚ ሠራተኛ፣ ቋሚ ኮሚቴ ስንል፣ አንድ ጊዜ ከቆመ በኋላ ሌላ አድራጎት ሳያስፈልገው፣ አፍራሽ ወይም ሻሪ እስኪመጣ ድረስ የሚኖር ነገር ማለታችን ነው። «ዘላቂ» ቢባልም ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው የሚደርስ ነገርን ያሳስባል። በእጅ ስልኮች የአማርኛ ገጽታ ላይ የምናገኘው «ነባሪ» ደግሞ ተጠቃሚው ካልለወጠው በቀር የሚሠራበትን ምርጫ ለመሰየም ስለ ተያዘ እዚህ ሊያገለግል አይችልም።

በእውነቱ የሚደረገው ምንድን ነው? ከላይ በፊደል ሐ እንደ ተመለከተው የመጥሪያ ቃላቱ ዝርዝር ቅርፊቱ በተዘጋ ቍጥር ይጠፋል። ይህን የሚለውጥ ዘዴ የለም። ያለው ዘዴ፣ የማያያዣው ትእዛዝ በአንድ ፋይል ላይ ተጽፎ፣ ቅርፊቱ በተከፈተ ቍጥር ያንን ፋይል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያነብና ትእዛዞቹን እንደ ገና እንዲፈጽም ማድረግ ነው። የመጥሪያ ቃሉ አልቆየም፤ ሞቶ እንደ ገና ተወለደ። ቋሚ የሆነው ጽሑፉ ነው፤ የጽሑፉ ኀይል ግን በመነበቡ ላይ የተመሠረተ ነው።

የፋይሉ ስም ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። «ባሽ-አር-ሲ» በሚለው ስም መጨረሻ ያሉት ሁለት ፊደላት የመጡት «ሩንኮም» ከተባለ ጥንታዊ ፕሮግራም ነው። ይህንንም የሠራው ያው ሉዊ ፑዛን ሲሆን፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ስፍራውም የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነበር። የስሙ ትርጕም «ትእዛዞችን አስኪድ» ማለት ነው። ፕሮግራሙ በፋይል የተጻፉ ትእዛዞችን በተራ ያስፈጽም ነበር። እንግዲህ የመነሻው ቃል ስለ መኖር ሳይሆን ስለ ማስፈጸም ይናገር ነበር፤ «ቋሚ» የሚለው ሐሳብ የተጨመረው በኋላ፣ በአስተማሪዎችና በማስታወሻ ጸሐፊዎች ነው። እኛም ሥርወ ቃሉን ሳንመረምር የተጨመረውን ተረጐምን።

ለአንባቢ ግልጽ ይሆን ዘንድ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ዳዊት የሚደግም ሰው መጽሐፉ በሣጥኑ ውስጥ አለ፤ መጽሐፉ መኖሩ ግን ጸሎቱ ተደርሷል ማለት አይደለም። ዛሬ የደገመው ለነገ አይተርፍም፤ ነገም ገልጦ ይደግማል። መንገድ ሄዶ መጽሐፉን ከቤት ከረሳ፣ በቃሉ ካልያዘው በቀር፣ በዚያ ቀን ሳይደግም ይውላል። የመጥሪያ ቃልና የፋይሉ ግንኙነት ከዚህ የተለየ አይደለም።

የባልደረባችን ጥፋት የደረሰው ልክ በዚህ መንገድ ነው። ባሽ የሚከፈትባቸው በሮች ከአንድ በላይ ናቸው፤ በየበሩም የሚያነበው ፋይል ይለያያል። ሰው በኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ የትእዛዝ መስኮት ሲከፍት፣ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው «ባሽ-አር-ሲ» ነው። በመረብ በኩል ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ ሲገባ ግን ቅርፊቱ በመጀመሪያ ለሁሉ የጋራ የሆነውን «ፕሮፋይል» ያነባል፤ ቀጥሎም በተጠቃሚው ማኅደር ውስጥ «ባሽ-ፕሮፋይል»፣ «ባሽ-ሎግኢን» እና «ፕሮፋይል» የሚባሉትን ሦስት ፋይሎች በዚህ ቅደም ተከተል ይፈልጋል፤ በመጀመሪያ ያገኘውን አንዱን ብቻ አንብቦ የቀሩትን ይተዋል። «ባሽ-አር-ሲ» በዚህ በር የሚነበበው፣ የተነበበው ፋይል «እርሱንም አንብብ» ብሎ ሲያዝ ብቻ ነው። በደቢያንና በኡቡንቱ ሥርዐቶች ይህን ትእዛዝ የያዘው ሦስተኛው ፋይል ነው። በባልደረባችን ኮምፒዩተር ላይ ግን አንድ በኋላ የተጫነ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ፋይል ለራሱ ጉዳይ ፈጥሮ ነበርና፣ ሦስተኛው ተራ ሳይደርሰው ቀረ፤ «ባሽ-አር-ሲ» አልተነበበም፤ መጥሪያ ቃሉ አልታወጀም፤ «አር-ኤም» የሚለውም ቃል ወደ ጥንተ አድራጎቱ ተመለሰ። ጽሑፉ በፋይሉ ውስጥ እንደ ነበረ ነበር። ያልነበረው ንባቡ ነው።

ይህ የአንድ ሰው አጋጣሚ ብቻ አይደለም። በሬድ ሃት ሥርዐቶች ለረጅም ዓመታት በበላይ ተጠቃሚው ፋይል ውስጥ ይኸው ጠያቂ «አር-ኤም» ታውጆ ይገኝ ነበር፤ በደቢያን ግን መስመሩ በፋይሉ ውስጥ ቢኖርም እንዳይሠራ ሆኖ የተቀመጠ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ የሥርዐት ኀላፊ ያው ቃል በሁለት ስፍራ ሁለት ነገር ሲያደርግ ያገኘዋል።

5. ስለ ሁለት ትንንሽ ቃላት

በዚያው ማስታወሻ ውስጥ ሌሎች ሁለት ቃላት ስለ ነበሩ ሳንጠቅሳቸው አናልፍም። ፋይሉ ከተስተካከለ በኋላ የተከፈተው ቅርፊት ሳይዘጋ አዲሱን እንዲያውቅ «ሶርስ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ተርጓሚው ይህን «ፋይሉን ምንጭ አድርገው» ብሎ መልሶታል። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ምንጭ» ማለት መሆኑ እውነት ነው፤ የትእዛዙ አድራጎት ግን ፋይሉን አሁን ማስነበብ ነው። «ፋይሉን አስነብብ» ቢባል አንባቢው የሚደረገውን ከማወቁም በላይ፣ የጠቅላላው አሠራር ቁልፍ ንባብ መሆኑን በዚሁ ቃል ይማር ነበር።

ሁለተኛው «ጻፍ» የሚለው ነው። በፋይል መጨረሻ አንድ መስመር ለመጨመር ሁለት የቀስት ምልክት፣ ፋይሉን ባዶ አድርጎ እንደ አዲስ ለመጻፍ አንድ ቀስት ያገለግላል። ማስታወሻው ለሁለቱም «በፋይሉ ላይ ጻፍ» ይላል። አንዱን ቀስት የተጠቀመ ሰው የኖረበትን ፋይል በአንድ መስመር ይለውጠዋል። አማርኛ «ጨምር» እና «ተካ» የሚሉ ሁለት ግሦች እያሉት በአንድ «ጻፍ» መሸፈን ለአንባቢ አለማዘን ነው።

6. በፊደላችን ስለሚታወጁ መጥሪያ ቃላት

ይህ ጉዳይ ለአማርኛ የሚከፍተው አንድ በር አለ። የባሽ ደንብ በመጥሪያ ቃል ውስጥ የሚከለክለው ጥቂት ምልክቶችን፣ ማለት የእኩል ምልክትን፣ ያዘነበለ ሰረዝን፣ የዶላር ምልክትን፣ ጥቅሶችንና የመሳሰሉትን ብቻ ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ «ዘርዝር» ወይም «ሂድ» የሚል ቃል በፊደላችን ጽፎ በመክፈቻው ፋይል ማስፈርና በአማርኛ ማዘዝ ይቻላል። የቅርፊቱን መልሶችና የስሕተት መልእክቶች ግን አይተረጕምም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ስለ ሞክሼ ፊደላት የኖረው ክርክር አዲስ መልክ ይይዛል። «ሂድ»፣ «ሒድ» እና «ኺድ» ለአንባቢ አንድ ቃል ናቸው፤ ለቅርፊቱ ግን ሦስት ናቸው። «ሂድ» ብሎ ያሳወጀ ሰው «ሒድ» ብሎ ቢጽፍ «ትእዛዙ አልተገኘም» የሚል መልስ ያገኛል። «ጻፍ» እና «ፃፍ»፣ «ሰርዝ» እና «ሠርዝ» እንዲሁ ናቸው። በመጽሐፍ ላይ የአጻጻፍ ልዩነት የጣዕምና የትምህርት ጉዳይ ሆኖ ኖሯል፤ እዚህ ግን የመፈጸምና ያለ መፈጸም ጉዳይ ይሆናል። የአጻጻፉ ጥያቄ እስኪወሰን ድረስ በአማርኛ የሚያሳውጅ ሰው ልማዳዊ የሆኑትን አጻጻፎች ሁሉ ለአንዱ ምትክ ቢያያይዛቸው ይበጀዋል።

7. ማጠቃለያና የቀረበ ሐሳብ

ከላይ በተሰጠው ሐተታ መሠረት የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን። ለሼል «ቅርፊት»፤ ተጠቃሚው ለሚጽፈው አጭር ቃል «መጥሪያ ቃል»፤ በስፍራው ለሚገባው ጽሑፍ «ምትክ»፤ ሁለቱን ለማያያዝ «ማወጅ»፤ ለማለያየት «መሻር»፤ ቅርፊቱ ሲከፈት ለሚያነበው ፋይል «የመክፈቻ ጽሑፍ»፤ ለሶርስ «ማስነበብ»። ማወጅና መሻር የኖሩ ጥንዶች ናቸው፤ አዋጅ ባልተሰማበት አገር እንደማይታወቅም ቃሉ ራሱ ያስታውሳል። ለ«ቋሚ» ግን ምትክ ቅጽል አናቀርብም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ቅጽል ሳይሆን ግሥ ነው፤ «በየመክፈቻው የሚታወጅ» ማለት ረዘም ይላል፣ ነገር ግን አይዋሽም።

የማስታወሻው ምክር በዚህ አነጋገር ሲታረም እንዲህ ይሆናል፤ «መጥሪያ ቃሉን የሚያውጀውን መስመር በመክፈቻው ጽሑፍ መጨረሻ ጨምር፤ ቅርፊቱ ይህን ጽሑፍ ባነበበ ቍጥር መጥሪያ ቃሉ ይታወጃል፤ ባላነበበበት ጊዜና ስፍራ አይታወቅም። የነበረ ትእዛዝን ስም መጥሪያ ቃል አታድርግ፤ አዲስ ቃል ምረጥ።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በመጀመሪያው ማስታወሻ ውስጥ አልነበረም። ምክንያቱን ማብራራት ይገባናል፤ ከአንድ ፕሮግራም አጠቃቀም አልፎ የእኛን ሙያ ይነካልና። ባልደረባችን እየጠየቀ ለሚያጠፋው ትእዛዝ «አጥፋ» የሚል አዲስ ቃል አውጆ ቢሆን ኖሮ፣ ንባቡ በተጓደለበት በዚያ ቀን ቅርፊቱ «ትእዛዙ አልተገኘም» ብሎ ይመልስለት ነበር፤ ጥቅሶቹም ባልጠፉ ነበር። አዲስ ቃል ሳይታወቅ ሲቀር ይጮኻል። ለነባር ቃል የተሰጠ አዲስ ፍቺ ግን ሳይታወቅ ሲቀር ዝም ይላል፤ ቃሉ አሮጌውን ሥራ ይሠራል፣ ተናጋሪውም አዲሱ የተሠራ ይመስለዋል።

ሙያዊ ቃላትን ስንሰይም ነባር ቃልን በፍቺ ማስፋት እንደሚመረጥ ስናስተምር ኖረናል፤ ምክንያታችንም አንባቢ አይቸገርም የሚል ነበር። ይህ ጉዳይ ግን አለመቸገር ራሱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አሳይቶናል። «ቋሚ» የሚለውን ያነበበው ባልደረባችን አልተቸገረም፤ ስላልተቸገረም አልጠየቀም። በስፍራው አንድ እንግዳ ቃል አግኝቶ ቢሆን ኖሮ «ይህ ምን ማለት ነው?» ማለቱ አይቀርም ነበር፤ ጥያቄውም ወደ አሠራሩ ባደረሰው። ስለዚህ የነባሩ ቃል ልማዳዊ ፍቺ ከአዲሱ ጽንሰ ሐሳብ ጋር በሚቃረንበት ስፍራ፣ በተለይም ስሕተቱ የማይመለስ ጉዳት በሚያስከትልበት ጊዜ፣ ከሚመቸው ነባር ቃል ይልቅ የሚያስጠይቀው አዲስ ቃል እንዲመረጥ እናሳስባለን።

በ«መጥሪያ ቃል» ላይ የተለየ አስተያየት ያላቸው አንባብያን፣ በተለይም በሥራ ላይ አውለውት ጉድለቱን ያዩ ተርጓሚዎች፣ ያገኙትን ከነምሳሌው ቢልኩልን በዚሁ መጽሔት እናወጣዋለን። «ቋሚ ተለዋጭ ስም» የሚለውን ስያሜ ግን ከዚህ ቀን ጀምሮ በበኩላችን ሽረነዋል።